አርባ ጆንያ በርበሬ

አንድን ቤት በጠራራ ፀሐይ፣ ሺህ ሰው እያየ ያቃጥሉታል፤ ከዚያ ዘበኛውን ያስራሉ። ያሰርነው ደግሞ እኛ ፖሊሶች ነን። ስለዚህ ይህን ስጽፍ የምናደደው በሌላ ሰው ብቻ አይደለም፤ በራሴም ጭምር ነው።

የተቃጠለው የነጋድራስ ቢሻው ቤት ነው። ከአንዋር መስጊድ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲወርዱ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ ባለችው ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ነበር። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨት፤ ዙሪያውን የሚከበው በረንዳ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ። መስኮቶቹ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ነበራቸው። የሕንድ አናጢዎች ከሠሩት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በተማሪነቱ አንድ ቀን ተሰልፎ ጎብኝቶታል። እኔም ጎብኝቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ ቆርቆሮና ግርግር መሀል እንዲህ ያለ ነገር የእኛ መሆኑን ሳውቅ ደረቴን ነፍቼ ነበር ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ቀኑ አርብ ነው፤ መጋቢት 2001። ጁምዓ ሰግደን ልንጨርስ ስንል ጭሱ ታየ። ኢማሙ አሰላምተው ሶላቱ እንዳበቃ ሰው መስገጃውን እየጠቀለለ መንገድ ከፈተ፤ የእሳት አደጋ መኪናው በመሀላችን አለፈ። ባልዲ ያለው በባልዲ፣ ጀሪካን ያለው በጀሪካን ውሃ አመላለስን። እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭሱ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። አንድ ማገር እንኳ አላተረፍንም።

ዘበኛው ጋሼ ዱባለ ከበረንዳው ዘልለው ሣሩ ላይ ወድቀዋል። ቀኝ እግራቸው ተሰብሯል። ብብታቸው ሥር የጎብኚዎችን መዝገብ አጥብቀው ይዘዋል። በማግስቱ ሐኪም ቤት፣ አልጋቸው ላይ እንዳሉ፣ «በቁጥጥር ሥር ዋሉ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉ ለእኔ የተሰጠኝ።

የመናፈሻው አስተዳዳሪ አቶ አበራ ቢሮው ውስጥ ጠበቀኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ የተላጨ፣ ሐዘኑም የተዘጋጀ ሰው ነው።

«ጉዳዩ እኮ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር» አለ። «ሽማግሌው ፎቅ ላይ የከሰል ምድጃ አላቸው። ስንቴ አስጠንቅቀናቸዋል!»

«ምድጃ እንዳላቸው እያወቁ አላስነሱባቸውም?»

«በቃል ነግረናቸዋል። ደግሞ መዝገቡን ይዘው መዝለላቸውን አስበውታል? እሳቱ እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው መዝገብ አዘጋጅቶ ይቀመጣል?»

«ኤሌክትሪክ ሊሆን አይችልም?»

«ያን ቀን የሰፈሩ ፈረቃ ነበር። መብራት አልነበረም። ሰጋጁም መንገድ ባይዘጋ ኖሮ እሳት አደጋ ቶሎ ይደርስ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «አቶ አበራ፣ ከሰጋጆቹ አንዱ እኔ ነኝ። መንገዱን የከፈትነውም ውሃውን ያመላለስነውም እኛ ነን። እርስዎ የት ነበሩ?»

«ስብሰባ ላይ» አለና የተሳታፊዎችን የፊርማ ወረቀት አወጣ። ማንም ሳይጠይቀው መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል። ሠላሳ ሰው አብሮት ነበር፤ በኋላ አምስቱን ጠይቄ አረጋገጥኩ። አልወጣም።

«የእሳት አደጋ ባለሙያው እሳቱ ከምድር ቤቱ ነው የተነሣው ይላል። ምድር ቤቱ ውስጥ ምን ነበር?»

«መጋዘን ነው። ለአቶ ሃብታሙ አከራይተነዋል። አርባ ጆንያ በርበሬ ነበረው፤ ምስኪን፣ ሁሉም ነደደበት።»

«ቅርስ ውስጥ በርበሬ?»

«ቅርሱ ራሱን ይቻል ተባለ» አለ፤ ቅንጣት ሳያፍር።

ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በአበራ፣ ሌላው በሃብታሙ እጅ። ጋሼ ዱባለ ምድር ቤቱን የሚከፍቱበት ቁልፍ የላቸውም። ይህን ለአለቃዬ በስልክ ነገርኩት።

«የፎቁ ከሰል በወለሉ ስንጥቅ ወደ ታች ወርዶ ይሆናል» አለኝ። «ኢርፋን፣ አታክረው። ሰኞ ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን። ቸልተኝነት ብለህ ዝጋው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ ይሏል ይሄ ነው። ዳውላው ደግሞ እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ ነበር።

ጋሼ ዱባለን ሳያቸው መጀመሪያ ያየሁት ካቴናውን ነው። ቀኝ እግራቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ግራ እጃቸው ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። የት እንዳይሄዱ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

«ምድጃው የእርስዎ ነው ጋሼ?»

«የእኔ ነው። ግን ልጄ፣ ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ፤ በስድስት ሰዓት ተኩል ከሰል ምን ላደርግበት አያይዛለሁ? ምድጃው ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አመድ ብቻ ነበር።»

ይሄንን ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር። ክርስቲያን ጎረቤት ያለው ማንም ሙስሊም ያውቀዋል። አቶ አበራ ግን ረሳው።

«በዚያ ሰዓት ፎቅ ላይ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ከስድስት እስከ ስምንት ለጎብኚ ዝግ ነው። በረንዳው ላይ ጋደም እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው። ጀርባዬን ሲሞቀኝ ነቃሁ። ደረጃው ነዷል። መዝገቡ ራስጌዬ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሱን ይዤ ዘለልኩ።»

«ለምን መዝገቡን?»

«ሌላውን በምን አቅሜ ልሸከመው? በሩን? መስኮቱን?» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ፣ እግሬ ቢቀር ግድ የለኝም። ስሜን አጥራልኝ። በዚህ ዕድሜዬ 'ቤቱን ያቃጠለው ዘበኛ' ተብዬ አልሙት።»

እሺ አልኳቸው። በምን እንደማጠራው ግን አላውቅም ነበር።

አቶ ሃብታሙ በቅመም ተራ ትልቅ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ዓይነት። ሳገኘው ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ጎረቤት እየመጣ ያጽናናዋል።

«ምን ልበልዎ ኢንስፔክተር፣ ተቃጠልኩ» አለና በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። «ያ ሁሉ ማረቆ በርበሬ! ዓመት የለፋሁበት!»

«የመጋዘኑ አንድ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው። አርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እኔን ነው የሚጠረጥሩት?» ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው! የራሱን ዕቃ የሚያቃጥል ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አይተው ያውቃሉ? እዚሁ ነበርኩ፤ ጎረቤቴ ሽኩር ጁምዓ ሲሄድ ሱቁን የምጠብቅለት እኔ ነኝ። ይጠይቁት!»

ይህ በሰፈራችን የቆየ ነገር ነው። ሙስሊሙ ሊሰግድ ሲሄድ ሱቁን አይቆልፍም፤ ክርስቲያን ጎረቤቱ ያይለታል። በክርስቲያኑ በዓል ደግሞ ሙስሊሙ ያይለታል። ማንም ውል አይጽፍበትም። ሽኩር የጎን ጎረቤቱ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ሂልና ቅርንፉድ ይሸጣል።

«እውነቱን ነው» አለኝ ሽኩር። «ስሄድ በርጩማዬ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። ስመለስም እዚያው አገኘሁት። ሃብታሙ ሰው ነው። የእናቴ ልጅ እንኳ እንደሱ አይሆነኝም።»

ከጎናችን አንዲት ሴት በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ግን ደብተሬን አጥፌ ሄድኩ። ቁልፍ የያዙት ሁለቱም ሰዎች ምስክር አላቸው። የቀረኝ ጋሼ ዱባለ ብቻ ናቸው። አለቃዬ የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

እሑድ ቢሮ ቁጭ ብዬ ያን መዝገብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። አብዛኛው የጎብኚ ወግ ነው። «እጅግ ደስ ብሎናል»፣ «ታሪካችንን እንጠብቅ»፣ «ሰገነቱ ላይ ፎቶ መነሣት ይፈቀድ»። ከሰባት ዓመት ወዲህ፣ ምድር ቤቱ ከተከራየ በኋላ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንዱ «ቤቱ ድንቅ ነው፤ በርበሬው ግን ገደለን» ብሎ ጽፏል። ሌላዋ «ባለቤቴ ከመግቢያው እስከ መውጫው ሲያስነጥስ ማብራሪያውን አልሰማም» ትላለች። አንድ የውጭ አገር ሰው አፍንጫ ሥሎ ከሥሩ ጠብታ አድርጎበታል። ሳቅኩ፤ ከዚያም ተናደድኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሕዝብ በጽሑፍ አቤት ሲል አንድ ሰው አላነበበውም።

የመጨረሻው ጽሑፍ የሐሙስ ነው፤ እሳቱ ከመነሣቱ አንድ ቀን በፊት። እታለም የምትባል መምህርት ሠላሳ ስድስት ተማሪ ይዛ መጥታ ነበር። «በየዓመቱ እንመጣለን። ዘንድሮ ግን ልጆቹ ማብራሪያውን በጸጥታ ሰምተው ወጡ። ጋሼ ዱባለን እናመሰግናለን» ይላል። የጋሼ ዱባለን ጠባይ የሚያስረዳ ምስክርነት ነው ብዬ ገጹን አጠፍኩት። ከዚያ በላይ አላየሁበትም። እንዲህ ያለ ደደብ መርማሪ!

ሰኞ ጠዋት ሽኩርን ቃሉን ላስፈርመው ሄድኩ። ያቺ ሴት ዛሬም ከሱቁ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትቀነጥሳለች። አስያ ትባላለች፤ ሥራዋ ከነጋዴ ነጋዴ እየዞሩ በርበሬ መቀንጠስ ነው። ጥራጊዋን ጥግ ላይ ሰብስባዋለች። አንድ አላፊ በእግሩ ሲበትነው፣ ሽኩር ተናዶ እፍኝ የማይሞላውን አፈሰና፣ ሳያስብ፣ ከጎኑ ሻይ የምታፈላው ሴት ከሰል ላይ ደፋው።

ያ አላህ!

መጀመሪያ ሻይ ሻጯ ጮኸች። ቀጥሎ ሽኩር ራሱ በእጅጌው አፍንጫውን ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ እንባዬ ወረደ። ከሁለቱም ወገን ያሉ ባለሱቆች እያሳሉ፣ እየተሳደቡ ወጡ። አንድ ተሸካሚ የያዘውን ጣቃ ጥሎ ሮጠ።

«ማነው ይሄ የሰይጣን ቁራጭ!» አለ አንዱ፤ ሌላው መልስ መስጠት አልቻለም፤ ያስነጥሳል።

እኔ ግን መሀል መንገድ ላይ፣ ዓይኔን እያሸሁ፣ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። አንድ እፍኝ ጥራጊ መንገዱን ሙሉ ሰው በትኗል። አርብ ቀን አርባ ጆንያ ነደደ በተባለው ጭስ ውስጥ ግን እኔ ራሴ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ። እንደማንኛውም የእንጨት ጭስ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ እንጂ ማንም እንዲህ አልሆነም። የቅመም ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ በበርበሬ መሀል ነው ያደግሁት። አርባ ጆንያ ቢነድ ኖሮ የመስጊዱ ጀማዓ በሙሉ፣ የተክለ ሃይማኖት ሰው በሙሉ አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን አላሰብኩም!

የመምህርቷም ጽሑፍ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ ትምህርት ቤቷን አፈላልጌ ደወልኩላት።

«ሐሙስ ዕለት ልጆቹ አስነጠሱ?»

«እንዴ፣ የማስነጠሱን ነገር በምን አወቁ?» ሳቀች። «በየዓመቱ ያስነጥሱ ነበር። ዘንድሮ አንድም ልጅ! እኔም ገርሞኝ ነው የጻፍኩት።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አስያ በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች ታየኛለች።

«አስያ፣ የአቶ ሃብታሙ በርበሬ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«የጋሽ ሃብታሙ? ሐሙስ እኮ ስቀነጥስላቸው ነው የዋልኩት። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ አዲሱ መጋዘናቸው ውስጥ። ረቡዕ ነው ያስገቡት።»

«በርበሬው ነደደ እየተባለ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሌላ በርበሬ መስሎኝ ነዋ! ደግሞ ማን ጠየቀኝ?» ድምጿ ከፍ አለ። «ቅዳሜ መጥተህ፣ እዚህ አጠገቤ ቆመህ፣ ሁለቱን ወንዶች ጠይቀህ ሄድክ። እኔን እንደ በርጩማ አልፈኸኝ!»

እውነቷን ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ ቅዳሜ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት።

«አርብ፣ ሽኩር ጁምዓ ሲሄድ አቶ ሃብታሙ እዚህ ነበር?»

«ሽኩር ዞር እንዳለ እሳቸውም ወጡ። ሰው ሂል ሲጠይቅ እንኳ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሰጋጁ ሊመለስ ሲል እያለከለኩ መጥተው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ወላሂ፣ ሻይ ሊጠጡ የሄዱ ነው የመሰለኝ።»

ሽኩር ይህን ሰምቶ ፊቱ ደም መሰለ። «ሱቄን ጥሎ?» አለ። «እኔ ሱጁድ ላይ እያለሁ፣ በእኔ ስም ተከልሎ?» የያዝኩትን ወረቀት ከእጄ ነጥቆ ቀደደው። «አልፈርምም! ሌላ ጻፍ!»

አርባውን ጆንያ አስያ ባለችው መጋዘን አገኘናቸው። ደርቀው፣ ተደርድረው፣ ሸራ ለብሰው። የመጋዘኑን በር ስንከፍት ሦስት ፖሊስ አስነጠሰ። ለአለቃዬ ደወልኩና ቸልተኝነት የሚለው ቃል ፋይሉ ውስጥ እንደማይኖር ነገርኩት። «ካገኘህ አገኘህ» አለኝ።

ሃብታሙ ጣቢያ ሲመጣ መሐረቡን አላወጣም። ጆንያዎቹን አየናቸው ስለው ትከሻው ወደቀ።

«ሐሳቡ የአበራ ነው» አለ። «ቤቱ ቆሞ ሳለ ቦታው አይለቀቅም። ቅርስ ነው ይላሉ። ቤቱ ከሌለ ባዶ መሬት ነው፤ ሕንፃ እንሠራበታለን፤ የእኔም ሱቅ ከምድር ቤቱ ይሆናል። ለማንም አይጠቅምም እኮ! ተማሪ መጥቶ አይቶ ይሄዳል፣ በቃ። እኔ ላምባ ያርከፈከፍኩበት ባዶ ጆንያ ላይ ጧፍ ለኩሼ፣ ቆልፌ ወጣሁ።»

«ለምን በጁምዓ ሰዓት?»

«በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እየሰገደ ወደ ቂብላ ነው የሚያየው። ወደ መናፈሻው የሚያይ የለም።»

አበራንም አመጣነው። የስብሰባውን የፊርማ ወረቀት ዛሬም ይዞት ነበር።

የጋሼ ዱባለን ካቴና እኔው ራሴ ፈታሁት። የእጃቸው አንጓ ላይ ቀይ ክብ ቀርቷል። ስለ ጭሱ፣ ስለ አስያ፣ ስለ መጋዘኑ ሁሉንም አጫወትኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ጣራ ጣራውን እያዩ ሰሙኝ።

«አርባውንም ነው ያወጣው?»

«አርባውንም ጋሼ።»

«አንድም ሳይቀር?»

«አንድም ሳይቀር።»

«ቀትር ላይ በረንዳው ላይ እንደምተኛ ሃብታሙ ያውቃል» አሉ። «ሰባት ዓመት ከሥሬ ሲገባ ሲወጣ፣ ጋሼ ዱባለ ተኝተዋል፣ ቀስ በሉ እያለ ሠራተኞቹን የሚቆጣው እሱ ነበር። እና ልጄ… ጥቂት ጆንያ ሲያወጣ አይቼ ለገበያ መስሎኝ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ሲያወጣ፣ እኔን አንድ ቃል ቢለኝ ምን ነበረበት?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔም የማየው ቤቱን ብቻ ነበር።

ከሐኪም ቤቱ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ተመልሼ ሃብታሙን ከእስር ክፍሉ አስወጣሁት። አላስቀመጥኩትም። «አንተ» አልኩት፤ እርስዎ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። «ጋሼ ዱባለ ፎቅ ላይ መተኛታቸውን ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ከሥራቸው ለኮስክ?»

ነገሩ እንዴት አልገባህም በሚል ዓይነት አየኝ። ክፉም አልመሰለኝም፤ የሰለቸው ነው የመሰለኝ።

«ኢንስፔክተር፣ እሳቸው እግር አላቸው፤ ተነሥተው ይሮጣሉ። በርበሬ አይሮጥም።»

ያለውን ቃል በቃል ጻፍኩት። በፋይሉ ላይ ንብረት ማውደም ከሚለው ሥር የግድያ ሙከራ ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ምናልባት ሲሰማው ይደነግጣል ብዬ። አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ።

«ልክ ነው፤ እንደዚያ ነው ያልኩት» አለና ፈረመ።